የኮክፒት በር አየር ላይ ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ አንድ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ሆነን መብራት ጠፋ። ስድስት ነበርን። ሊፍቱ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ቀጥ አለ። አንድ ጎረምሳ በሩን በጣቶቹ ሊፈለቅቀው ታገለ። አጠገቡ የቆሙ እናት "ኧረ ተው ልጄ፣ ይብስብናል" አሉት። እኔ የጥበቃው ስልክ ስለነበረኝ ደወልኩለትና ስንት እንደሆንን፣ የት ጋ እንደቆምን፣ የታመመ ሰው እንደሌለ ነገርኩት። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሰባት ደቂቃ ያህል ቆየን።

ከስድስታችን አንዷ ተማሪዬ ናት። እዚያው ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ለበረራ አስተናጋጅነት የሚፈተኑ ልጆችን አዘጋጃለሁ፤ እኔም ለዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ ከሊፍቱ ገና ሳንርቅ ጠየቀችኝ። "አውሮፕላን ላይ እንዲህ ቢሆንስ? ካፒቴኑ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ በሩ እምቢ ቢለውስ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ለገሃር ወርደን ማኪያቶ አዘዝንና ሶፍት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋት። በማግስቱ ሌሎቹ ተማሪዎችም ያንኑ ጠየቁኝ። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበረው የአክስቴ ልጅም ሰምታ ደወለችልኝ። ስለዚህ ለተሳፋሪም ለአዲስ ሠራተኛም እንዲሆን አድርጌ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ በሩን እወቁት

የግቢ በር አስቡ። ሲንኳኳ ከውስጥ "ማነው?" ይባላል። "እኔ ነኝ።" "እኔ ማን?" ድምፁ ካልታወቀ አይከፈትም። የኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪዎቹ ክፍል፣ በርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ውጪ ያለው ያንኳኳል፣ ውስጥ ያለው ያጣራል፣ የመክፈት ሥልጣን የውስጡ ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚንኳኳው በኢንተርፎን (በአውሮፕላኑ የውስጥ ስልክ) እና በቁጥር መምቻ ነው፤ ማንነት የሚጣራው ደግሞ በካሜራ ወይም በሩ ላይ ባለችው ማያ ቀዳዳ ነው።

ድሮ በሩ ቀጭን ነበር። በረራ ላይ ሕፃናት ወደ ኮክፒት ተወስደው አብራሪዎቹን ሰላም ብለው ይመለሱ ነበር። ይህ ሁሉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ነው። አሜሪካ አየር መንገዶች እስከ ኤፕሪል 2003 ድረስ በሮቻቸውን በጠንካራ በር እንዲለውጡ አዘዘች። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደግሞ ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ የመነሻ ክብደታቸው ከ45,500 ኪሎ ግራም ለሚበልጥ ወይም ከ60 በላይ ሰው ለሚጭኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግዴታ አደረገው። በሩ የሽጉጥ ጥይትና የእጅ ቦምብ ፍንጣሪ እንዲቋቋም ሆኖ ነው የሚሠራው። በትከሻ አይሰበርም። በረራ ላይ ይህን በር ለመስበር መታገል ጉልበት መጨረስ ብቻ ነው።

ኤርባስ ኤ320ን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በሩን የሚይዙት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሦስት መቆለፊያዎች ናቸው። ሁለቱ አብራሪዎች መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ሦስት ቦታ አላት፦ መክፈቻ፣ መደበኛ እና መከልከያ። ቦይንግም ተመሳሳይ ነገር አለው። በመደበኛው ቦታ ላይ ስትሆን በሩ እንደተቆለፈ ነው። አስተናጋጇ መጀመሪያ በኢንተርፎን ትደውላለች፣ ከዚያ የቁጥር መምቻውን ትጫናለች፣ አብራሪው አይቶ ይከፍትላታል።

ውስጥ መልስ ቢጠፋስ? ለዚህ የአደጋ ጊዜ ኮድ አለ። ኮዱ ሲመታ ኮክፒት ውስጥ ደወል ይጮኻል፤ ውስጥ ያለው ሰው እስከተወሰነ ጊዜ ድረስ ካልከለከለ በሩ ለጥቂት ሰኮንዶች በራሱ ይከፈታል። ካፒቴኑም ረዳቱም ራሳቸውን ቢስቱ የሚገባው በዚህ ነው። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ማወቅ ያለበት ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ያገኘዋል፣ ሌላው ሰው አያስፈልገውም።

በሩ አልዘጋ ሲል

በተግባር የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው፤ እኔም በራሴ ዓይን ያየሁት ይህን ነው።

የሌሊት በረራ ነበር። ተሳፋሪው እራቱን በልቶ ተኝቷል። እኔ የፊቱ ጋሊ (ምግብና መጠጥ የሚዘጋጅበት ቦታ) ውስጥ ትሮሊ እየቆለፍኩ ነበር። አየሩ ትንሽ ሲያናውጠን ከጎኔ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የመሳቢያ መስሎኝ ነካካሁት። እንደገና ስንናወጥ እንደገና ጠቅ አለ። ዞር ብዬ በሩን ሳየው ላይኛው ጠርዝ ላይ የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት ብልጭ ብላ ጠፋች። ሰዓቴን አየሁ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20።

በሩን አልነካሁትም። ይህን የምለው አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ በሩ ስለሆነ ነው። ልግፋው፣ ልፈትነው ይላል። ውስጥ ያሉት ግን አንድ ሰው በሩን እየገፋ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት። ማን እንደሆነ አያውቁም።

ኢንተርፎኑን አነሣሁ። "ካፒቴን፣ ከፊት ጋሊ ነው። በሩ በደንብ የተቆለፈ አይመስለኝም። ላይኛው ጠርዝ ላይ የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት አያለሁ፣ ስንናወጥ ይንኳኳል። እዚህ ማንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ።"

ትንሽ ዝም አለ። "እኛም ጋ የመቆለፊያው ማስጠንቀቂያ መብራት አንዴ በርቶ ጠፍቶ ነበር። ጥሩ አደረግሽ። እዚያው ቁሚ።"

ከውስጥ በእጅ የሚወረወር መቀርቀሪያ ነበረው፤ እሱን ወረወሩት። ኤሌክትሪኩ ሲያስቸግር እንዲህ ያለው ብረት ነው የሚያድነው። እኛ በበኩላችን መጋረጃውን ዘጋን፣ አንዷ ባልደረባዬ በሩ አጠገብ ካለው የሠራተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የፊቱን ሽንት ቤት ለተሳፋሪ ዘጋነውና ሰው ወደ ኋላ እንዲሄድ በትሕትና ነገርን። አብራሪዎቹም የግድ ካልሆነ በቀር እንዳይወጡ ወሰኑ። አራት ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን። ከተሳፋሪው አንድም ሰው አላወቀም፤ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር።

ተሳፋሪ ከሆናችሁና ከፊት ረድፍ ሆናችሁ በሩ ገርበብ ብሎ ብታዩ፣ የጥሪ ቁልፏን ተጫኑና አስተናጋጇ ስትመጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ንገሯት። "እህት፣ በሩ የተከፈተ መሰለኝ" በቂ ነው። ተነሥቶ ሄዶ ማየት አያስፈልግም። ስልክ አውጥቶ መቅረፅም አያስፈልግም። በሩ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ፣ ቅን ሰው ቢሆንም፣ ለሠራተኞቹ በዚያ ሰዓት አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

በሩ አልከፈት ሲል

ተማሪዬ የጠየቀችኝ ይህን ነው። ካፒቴኑ ውጪ ቀርቶ በሩ እምቢ ቢልስ?

ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ከሚኒያፖሊስ ወደ ላስ ቬጋስ በሚሄድ በረራ ላይ ካፒቴኑ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲመለስ በሩ አልከፈት አለ። ተሞከረ፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ራሱ ከተሳፋሪው ክፍል ሆኖ በድምፅ ማጉያው ሁኔታውን ለሰዎቹ ነገራቸው። አውሮፕላኑን ረዳት አብራሪው ብቻውን አሳረፈው። በሰላም።

ረዳት የሚለው ቃል ሰዎችን ያሳስታል። የታክሲ ረዳት ይመስላቸዋል። ረዳት አብራሪ ሙሉ አብራሪ ነው፤ ያስነሣል፣ ያሳርፋል፣ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማለማመጃ) ላይ ተለማምዶ ተፈትኗል። ስለዚህ ካፒቴኑን ውጪ ቆሞ ብታዩት አውሮፕላኑ ባለቤት አልባ ሆነ ማለት አይደለም። ውስጥ የሚያበርረው ሰው አለ። ምናልባት ወደ ቅርብ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያዞር ይችላል። መድረሻችሁ ቢዘገይ በዚህ አትማረሩ፤ የሁለት ሰው ሥራ አንድ ሰው እየሠራ ነው።

ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራችሁ የውጪውንና የውስጡን ሰው ማገናኘት ነው። ካፒቴኑን ኢንተርፎኑ አጠገብ አምጡት። እሱ ራሱ ከረዳቱ ጋር ይነጋገር፤ ድምፁን ያውቀዋል። በሩን በየተራ መደብደብ ውስጥ ያለውን ሰው ከማስደንበር ውጪ ጥቅም የለውም።

ይህን ስል አንድ ሌላ ታሪክ አለ፣ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ የምነግራቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ወደ ኒውዮርክ ላጓርዲያ በምትበር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ ሽንት ቤት ገባ። የተበላሸው የኮክፒቱ በር አይደለም፣ የሽንት ቤቱ ነው። ተቆለፈበት። አውሮፕላኗ ላይ አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ነበረች፤ በደንቡ መሠረት ካፒቴኑ ሲወጣ እሷ ኮክፒት ገብታለች። ውጪ የቀረ ሠራተኛ የለም። ካፒቴኑ ከሽንት ቤቱ ሆኖ በሩን ሲደበድብ አንድ ተሳፋሪ ሰማው። ካፒቴኑም ሂድና ለረዳቴ ንገርልኝ አለው።

ሰውዬው በቅንነት ሄዶ የኮክፒቱን በር አንኳኳ። እንግሊዝኛው የውጭ አገር ሰው ቅላጼ ነበረው። ረዳት አብራሪው ደነገጠ። ካፒቴኑ ጠፍቷል፣ የማያውቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ግባ በለኝ ይላል። ለመሬት ተቆጣጣሪዎቹ የውጭ ቅላጼ ያለው ሰው ኮክፒት ሊገባ እየሞከረ ነው ብሎ አስታወቀ። እንደ ዕድል ካፒቴኑ የሽንት ቤቱን በር ታግሎ ከፍቶ ወጣ፣ በሰላምም አረፉ።

ይህ ታሪክ እኛን ይመለከተናል። ከቦሌ ተነሥቶ በየቀኑ የሚበረው ወገናችን ብዙው እንግሊዝኛውን በራሱ ቅላጼ የሚናገር፣ ወይም ጭራሽ የማይናገር ነው። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኳት። ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሲደበድብ ብትሰሚ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወደ ኮክፒቱ በር አትሂጂ። ወደ አስተናጋጅ ሂጂ። ቋንቋ ካስቸገረሽ በእጅሽ ወደ ሽንት ቤቱ አሳዪ፤ ይገባቸዋል። የፊቷ አስተናጋጅ ከሌለች ወደ ኋላ ሂጂ፣ የጥሪ ቁልፉንም ተጫኚ። ለሠራተኛ ደግሞ፦ የሽንት ቤት በር ከውጪ የሚከፈትበት መንገድ አለው። ትንሿ አውሮፕላን ላይ ብቻችሁን ከሆናችሁ ካፒቴኑ ከመውጣቱ በፊት "ቢቆለፍብህ ምን እናድርግ?" ብላችሁ ተስማሙ። አሥር ሰኮንድ አይፈጅም።

መብራት ሲጠፋስ?

ሊፍቱ ውስጥ ያስጨነቀን ይህ ነበር፣ እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኮክፒቱ በር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት መቆለፊያው ይለቃል እንጂ አይቆለፍም። አብራሪዎቹ ውስጥ ታፍነው እንዳይቀሩ ታስቦ ነው። በኤ320 በር ላይ ደግሞ በሩ ጭራሽ ቢጣበቅ ከውስጥ ተገፍቶ የሚወድቅ የማምለጫ ክፍል አለ። በብዙ አውሮፕላን የኮክፒቱ መስኮት ይከፈታል፣ መውረጃ ገመድም አለው። መሬት ላይ አብራሪ ተቆልፎበት ይቀራል ብላችሁ አትስጉ።

በሩ በራሱ ሲበረገድ

ይኸኛውን በደንብ አንብቡት። ብልሽት ይመስላል፣ ግን አይደለም።

አውሮፕላን ከፍ ሲል ውስጡ ያለው አየር ከውጪው የተጠቀጠቀ ነው። አንድ ቦታ ከተቀደደ አየሩ በኃይል ወደዚያ ይሮጣል። በሩ ተቆልፎ መሀል ላይ ቢገተርበት፣ አንደኛው ወገን ባዶ ሌላኛው የተወጠረ ይሆንና በሩን የያዘው ግድግዳ ራሱ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የግፊት ለውጡን የሚያውቁ መሣሪያዎች መቆለፊያዎቹን ይለቋቸዋል፤ ወይም በሩ ላይ ያሉ ክፍሎች ይከፈቱና አየሩን ያሳልፋሉ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ከፖርትላንድ የተነሣ ቦይንግ 737 ማክስ 9 ላይ የሆነው ይህ ነው። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በር የሚሆንበትን ቦታ የሚደፍነው ክፍል ተፈንቅሎ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት የኮክፒቱ በር ተበረገደ። ረዳት አብራሪዋ የጆሮ ማዳመጫዋ ተነጠቀ። የአደጋ ጊዜ መመሪያ የተጻፈበት ወረቀት ከኮክፒት በረረ። አስተናጋጇ በሩን ለመዝጋት ደጋግማ መታገል ነበረባት። 177 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ ሁሉም በሕይወት ተመለሱ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። መርማሪዎቹ እንደተናገሩት በሩ እንዲህ ባለ ጊዜ እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ነበር፣ ሠራተኞቹ ግን አያውቁም ነበር። መመሪያቸው ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ባለ ሰዓት በሩ ብው ብሎ ሲከፈት ምን ይታሰባል? ሰው ሰብሮ ገባ ነው የሚታሰበው። አንድ አንቀጽ ቢጻፍ ኖሮ ያ ድንጋጤ ይቀርላቸው ነበር። አዲስ ሠራተኞች፣ እባካችሁ፣ በምትሠሩበት በእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ "በሩ ግፊት ሲለቅ ምን ያደርጋል? ወደየትኛው ጎን ይከፈታል?" ብላችሁ አሠልጣኛችሁን ጠይቁ። ካላወቀ አጣርቶ እንዲነግራችሁ ለምኑት።

ጎኑ ለምን ይጠየቃል? አየሩ ወደ ተቀደደው ስለሚሄድ ነው። በ2024ቱ ላይ የተቀደደው የተሳፋሪው ክፍል ስለነበር በሩ ወደ ተሳፋሪው ተበረገደ። እ.ኤ.አ. በጁን 1990 ግን ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ በሚሄድ በረራ ላይ የተነቀለው የካፒቴኑ የፊት መስታወት ነበር። ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ ወደ ውጪ ተጎተተ፣ የኮክፒቱ በር ተገንጥሎ ወደ ውስጥ መጣና መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ወደቀ። አስተናጋጆች በሩን ከመንገድ አነሡት፣ የካፒቴኑን እግር ይዘው ቆዩ፣ ረዳቱ ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። ካፒቴኑ ተረፈ።

በዚህ ጊዜ ለተሳፋሪ የምለው አጭር ነው። የበሩን ነገር እርሱት። የኦክስጅን ጭምብሉን ጎትታችሁ መጀመሪያ ለራሳችሁ አጥልቁ፣ ከዚያ ለልጃችሁ። በ35,000 ጫማ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጅን በቅጡ ማሰብ የሚቻለው ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። "ልጄን ትቼ እንዴት ለራሴ" የሚል እናት አባት ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። እናንተ ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ለልጁ የሚያጠልቅለት የለም። ቀበቶውን አጥብቁ። አውሮፕላኑ በፍጥነት ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ይህ መውደቅ አይደለም፣ አብራሪው መተንፈሻ አየር ወዳለበት እያወረዳችሁ ነው።

ዝቅ ማለት ካልጀመረ ግን፣ ለሠራተኛው ትልቁ ምልክት እሱ ነው። ወዲያው ኮክፒት መደወል አለበት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2005 ከቆጵሮስ ወደ አቴንስ ይበር በነበረው 737 ላይ የአየር ግፊቱ አልተስተካከለም ነበር፤ አብራሪዎቹ ራሳቸውን ሳቱ። አንድ አስተናጋጅ ኮክፒት ሲገባ የታየው የግራው ሞተር ነዳጅ ጨርሶ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። 121 ሰዎች አለቁ።

በሩ ደኅና ሆኖ፣ ውስጥ መልስ ሲጠፋ

ሰው ሁሉ በሩ ተበላሸ ብሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኮዱን ይመታል፣ አይከፈትም፣ ተበላሸ ይላል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ከፍራንክፈርት ወደ ሴቪያ በሚሄድ ኤርባስ ኤ321 ላይ ካፒቴኑ ሽንት ቤት ሄዶ ተመለሰ። ክፈቱልኝ ለማለት የሚመታውን የተለመደውን ኮድ አምስት ጊዜ ሞከረ። አልተከፈተለትም። አስተናጋጇም በኢንተርፎን ደወለች፣ መልስ የለም። በሩ ምንም አልሆነም፤ ረዳት አብራሪው ነው ታሞ ራሱን የሳተው። አውሮፕላኑ አሥር ደቂቃ ያህል ንቁ አብራሪ ሳይኖረው በአውቶፓይለት (በራስ-ሰር ማብረሪያው) በረረ። ካፒቴኑ የአደጋ ጊዜውን ኮድ ከመታ በኋላ፣ በሩ በራሱ ከመከፈቱ በፊት ረዳቱ እንደምንም ነቅቶ ከውስጥ ከፈተለት። ማድሪድ አረፉና ታማሚው ሆስፒታል ገባ።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ መልስ ካጣችሁ ያንኑ እየደጋገማችሁ ጊዜ አትግደሉ። ወደሚቀጥለው እርምጃ እለፉ። በር ከተበላሸ ሰው በኢንተርፎን ይመልሳል። ሰውም ካልመለሰ ጉዳዩ የበር አይደለም።

አስቸጋሪው ደግሞ ሌላኛው ነው፣ ውስጥ ያለው ሰው ሆን ብሎ ሲከለክል። በአገራችን ሁላችንም የምናስታውሰው የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይሄድ የነበረው የበረራ ቁጥር 702፣ ካፒቴኑ ወደ ሽንት ቤት ሲወጣ ረዳት አብራሪው ቆልፎበት 202 ሰው ይዞ ጄኔቫ አረፈ፤ በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶም እጁን ሰጠ። ሁሉም ሰው ደኅና ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ፈረንሳይ ተራሮች ላይ የተከሰከሰው አውሮፕላን ግን እንዲህ አልሆነም፤ ካፒቴኑ ውጪ ቀርቶ 150 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ አየር መንገዶች ኮክፒት ውስጥ ምንጊዜም ሁለት ሰው ይኑር የሚል ደንብ አወጡ፤ አንዳንዶቹ በኋላ አላልተውታል። እኔ በግሌ ሁለት ሰው ይኑር ከሚሉት ወገን ነኝ። ያቺ ገብታ የምትቆም አስተናጋጅ አውሮፕላን አታበርም፣ ግን ሰው ራሱን ሲስት ታያለች፣ በሩንም ከውስጥ በእጇ ትከፍታለች።

ኢንተርፎን ላይ ምን ይባላል

ተማሪዎቼን በጣም የማለማምደው ይህን ነው። በድንጋጤ ሰዓት "ካፒቴን፣ በሩ! በሩ!" የሚል ጩኸት ምንም አይነግረውም። አራት ነገር ተናገሩ። ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ወይም በጆሯችሁ የሰማችሁትን። አጠገባችሁ ማን እንዳለ። እና ምን እንደምትጠብቁ፣ "ትዕዛዝ እጠብቃለሁ" ቢሆንም እንኳ። የመሰላችሁን ካያችሁት ለዩ። "በሩ ተሰብሯል" የመሰላችሁ ነው። "ላይኛው ጠርዝ ላይ ክፍተት አለ" ያያችሁት ነው። ከዚያ ሰዓቱን እጃችሁ ላይም ቢሆን ጻፉት።

ክፍል ውስጥ ወንበር ደርድረን፣ አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ካፒቴን ሆኖ፣ ይህንን እንለማመዳለን። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይንተባተባል። በሦስተኛው ቀን ያቺ ሊፍት ውስጥ አብራኝ የነበረችው ልጅ በአንድ ትንፋሽ ትለው ነበር።

ያ የሌሊት በረራዬ ንጋት ላይ አረፈ። ተሳፋሪው ወርዶ ሳያልቅ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ቴክኒሻን ባትሪ ይዞ ገባ። ካፒቴኑ መዝገቡ ላይ የጻፈውን አነበበና "ያየችው ማናት?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። "ከላይ ነው ከታች?" ከላይ። "ሁልጊዜ ነው ስትናወጡ ብቻ?" ስንናወጥ ብቻ። "ከስንት ሰዓት ጀምሮ?" ነገርኩት። ሌሎቹን መቆለፊያዎች አልነካም። በቀጥታ መሰላሏን አቁሞ ላይኛውን ከፈተ፣ ባትሪውን አበራ፣ በጣቱ ነካ አደረገውና አንዲት የላላች ብሎን አሳየኝ። አጠበቃት፣ በሩን ዘጋ፣ ጆሮውን አስጠግቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ድምፅ የለም። ፈረመና ሄደ።